ከጥር 15 እስከ ጳጉሜን 5

ለጥምቀት ጎንደር የገባ የውጭ አገር ነዋሪ፣ ከተራ ዕለት ታቦታቱን አጅቦ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ወርዶ፣ በማግስቱ ጸበሉ ሲረጭ ሕዝቡ መካከል ቆሞ፣ ሳይወስን የሚመለስ ጥቂት ነው። ልጆቼን አማርኛ አስተምራለሁ፤ እናቴ ጋ በየሳምንቱ እደውላለሁ፤ መጠጥ እቀንሳለሁ፤ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ገንዘብ አጠራቅማለሁ። ሁሉም ከልብ ነው። ግን አምስት ነው፤ ከአምስቱ አንዱም ቀንና ሰዓት አልተቆረጠለትም። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሣው መንገደኛ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ሲገባ የሚጠብቀው የሥራ ፈረቃ ነው፤ የካቲት ሳይጋመስ አምስቱም ይረሳሉ።

ይህ የፈቃድ ድክመት አይመስለኝም። ለአንድ ሳምንት ስኳር መተው የሚያቅተው ሰው ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይጾም የለም ወይ? ጾሙ የሚይዘው መግቢያውና መውጫው ስለሚታወቅ ነው። የሚተወውም በስሙ ይታወቃል፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል። «ከእንግዲህ ጥሩ ጥሩ እበላለሁ» የሚል ጾም የለም። በቅበላ ቅቤው ያልቃል፣ ዕቃው ይታጠባል፣ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ያለው ሽሮና ምስር ስለሆነ ሰውየው በየምሳው ከራሱ ጋር አይሟገትም። ጎረቤቱም አብሮት ይጾማል። መጨረሻው ላይ ፋሲካ አለ። የእናንተን ውሳኔ በዚህ መዝኑት፤ መውጫ ቀን ከሌለው፣ የሚተወው ወይም የሚሠራው በስሙ ካልተጠራ፣ ቤቱም ካልተሰናዳለት ገና ምኞት ነው።

ርዝመቱንም ከአጽዋማቱ መውሰድ ይቻላል። ነነዌ 3 ቀን ነው፤ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚገባ ከጥምቀት መልስ ብዙም ሳይቆይ ይደርሳል። አዲሱን ነገር በእነዚያ 3 ቀናት ሞክሩት። ሦስቱን ከያዛችሁ እንደ ፍልሰታ 15 አድርጉት፤ ከዚያ ስለ 55 አስቡ። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም የረመዳን 29 ወይም 30 ቀን መለኪያ አላቸው። ከመጀመሪያው «ዓመቱን ሙሉ» ማለት ግን የማንም ጾም መልክ አይደለም።

ከአምስቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ብባል የልጆቹን አማርኛ እመርጣለሁ፤ ሲዘገይ ዋጋው የሚከብደው እሱ ነውና። መነሻውም ፊደል ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት 231 ይሆናሉ። ከጥር 15 ጀምራችሁ እስከ ጳጉሜን 5 ቁጠሩ፤ 231 ቀን ነው። ጥምቀት በዋለ በአራተኛው ቀን ጎንደር ላይ ሀ ብሎ የጀመረ ልጅ በቀን አንድ ፊደል ቢይዝ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ይጨርሳል ማለት ነው። ገበታውን ፒያሳ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ገዝታችሁ የመጀመሪያውን ቀን አያቱ ፊት ጀምሩት። ልጁ ትምህርቱን ከአያቱ ድምፅ ጋር ይዞት ይሄዳል።

በተግባር ግን በቀን አንድ ሳይሆን በሳምንት አንድ መስመር ነው የሚሻለው። ሰኞ ግዕዝና ካዕብ፣ ማክሰኞ ሣልስና ራብዕ፣ ረቡዕ ኃምስና ሳድስ፣ ሐሙስ ሳብዕ፣ ዓርብ ሰባቱን መጻፍ። ቅዳሜ ያመለጠው ይሟላል፤ እሑድ ዕረፍት ነው። ጊዜው 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ15 ካለፈ ልጁ በማግስቱ ይሸሻል። ገበታው የሚለጠፈው ሳሎን ውስጥ ለእንግዳ ማሳያ ሳይሆን ቁርስ የሚበላበት ቦታ፣ ልጁ ተቀምጦ ዓይኑ በሚያርፍበት ከፍታ ነው።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው ዜማው ላይ ነው። ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ እንደ መዝሙር ይወርደዋል፤ ወላጅ ደስ ብሎት ቪዲዮ ቀርጾ ጎንደር ይልካል፤ «ሚ»ን ለብቻዋ ሲያሳዩት ግን አያውቃትም። የአብነት መምህራን ይህን ስለሚያውቁ ነው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ቤቱ ስለሚለዋወጥ በቃል መሸምደድ አያዋጣም። እናንተም በስንጥር እየነካችሁ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ጠይቁት። አንድ መስመር ተያዘ የሚባለው ሰባቱንም ተዘበራርቀው ሲለይ ነው። ሐ እና ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ላይ ሲደርስ «ድምፁ ያው ነው፣ መልኩ ሌላ ነው» በሉትና እለፉ፤ ልዩነቱን ማብራራት ለኋላ ይቆይ።

በጉንፋን ወይም በፈረቃ ምክንያት አንድ ሳምንት ቢያልፍ ሁለት መስመር በአንድ ሳምንት አትጫኑበት። ከጾም አንድ ቀን የቀረ ሰው በማግስቱ ሁለት ቀን ደርቦ አይጾምም፤ ሙስሊሙም ያለፈውን የሚተካው ረመዳን ካለቀ በኋላ ነው። ማካካሻ እየተጠራቀመ ሲሄድ ነው ሰው «ይቅርብኝ» የሚለው። በቃ፣ ማለቂያው አንድ ሳምንት ወደ መስከረም ይግፋ።

የስልኩ ነገር አጭር ነው፤ ቀንና ሰዓት ይቆረጥለት። ቅዳሜ ጎንደር ገበያ ነው፤ ማታ 12 ሰዓት ግን እናት ቤት ገብታለች። ይህ በክረምታችሁ ዋሽንግተን ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ለንደን ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ሰዓት ሲለወጥ ነው፤ አሜሪካ የካቲት አልቆ መጋቢት ሲገባ ግድም፣ አውሮፓ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ሰዓቱን ወደፊት ሲገፋ እናንተ በለመዳችሁት ሰዓት ስትደውሉ እዚህ 11 ነው። እሷ ገና ከገበያ አልተመለሰችም፤ እናንተ «አታነሣም» ትላላችሁ፤ ሁለት ቅዳሜ እንዲህ ሲያልፍ ልማዱ ይበርዳል። የስልካችሁን ማስታወሻ በጎንደር ሰዓት ሙሉት።

በእግር ስለመሄድ፦ ጎንደር ላይ የሚያስኬዳችሁ ጉዳይ እንጂ ውሳኔ አልነበረም። ከቤተ መንግሥቱ ግቢ እስከ መዋኛው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ የወረዳችሁት ታቦት ስላጀባችሁ ነው። እዚያም ከጉዳይ ጋር እሰሩት፤ ከአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ። ፈረቃችሁ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ሰዓት አትቁረጡ፤ «ከሥራ ስመለስ ጫማ ሳላወልቅ» በሉ።

ለገንዘቡ ዕቁብን የሚያህል የለም፤ ዳኛውና ጸሐፊው ይጠብቃሉ፣ ተራው የደረሰውም ይጠብቃል። ሦስት ሆናችሁም ብትጀምሩ ብቻ ከማስቀመጥ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ውሳኔን ከስለት ጋር አታምታቱ። ስለት «ይህ ቢሆንልኝ ይህን አገባለሁ» ነው፤ ክፍያው ከተገኘ በኋላ ይመጣል። ውሳኔ ግን ቀድሞ ነው የሚከፈለው፤ ጥቅሙም ለብዙ ሳምንት አይታይም።

ጳጉሜን ላይ ያሉትን 5 ቀናት፣ በአራት ዓመት አንዴም 6ቱን፣ ለቆጠራ ተዉአቸው፤ ምን ያዝን፣ የቱ ቀረ፣ የትኛው ለመስከረም ይዛወር። በመጨረሻዋ ማታ ልጁ አደይ አበባ ይሣልና ከሥሩ የአያቱን ስም በፊደል ይጻፍ። ፊደል ቢገለብጥ አታርሙት። ዋሽንግተን ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ፎቶውን ብትልኩት ጎንደር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ስትነሣ ስልኳ ላይ ታገኘዋለች።