የባንዳችሁን ስም በዐሥር በመቶ ከመፈረማችሁ በፊት

ወንድማችን ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ ስድስት ሆነው ጎንደር ውስጥ ባንድ መሥርተዋል፤ አንድ ነጋዴ ለመጪው ጥምቀት የባንዱ ስምና ፎቶ ያለበት ቲሸርትና ኮፍያ በራሱ ወጪ አሳትሞ ሊሸጥ፣ ለእነርሱም ከሽያጩ ዐሥር በመቶ ሊከፍል ውል አቅርቦላቸዋል፤ ይፈርሙ ወይስ ራሳቸው ይሥሩት? እኔ ክራር ተጫዋች ነኝ። ከሦስት የሙያ ባልደረቦቼ ጋር ለዘጠኝ ዓመታት ለባንዶችና ለባህል ምሽት ቤቶች ቲሸርት የምናሳትምበት አነስተኛ የሽርክና ሥራ አለን፤ ስለዚህ የእኛን ታሪክ ብነግራችሁ ለውሳኔያችሁ ይረዳል ብዬ አምናለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገርና፣ ውሉን አሁን ባለበት መልክ አትፈርሙ።

የጀመርነው በእቁብ ብር ነው። ዕጣው የወጣለት ማሲንቆ ተጫዋቻችን ነበር፤ በገንዘቡም ከመርካቶ በጅምላ ስድሳ ነጭ ቲሸርት አስመጥተን የማሲንቆ ሥዕልና የባንዳችንን ስም አሳተምንበት። በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ፣ ሁለት ቀን ሳይሞላ ስድሳውም አለቀ። ደስታችን ግን ሳምንት አልዘለቀም። አንዲት እኅት ቲሸርቷን አጥባ ይዛልን መጣች፤ የማሲንቆው ጭራና ደጋኑ ተሰነጣጥቀው ረግፈዋል፣ ከሥዕሉ የቀረው በቆዳ የተለበጠው ገላ ብቻ ነበር። ያሳተምንበት ቤት ቀለሙን ፀሐይ ላይ አስጥቶ አስረክቦን ኖሯል። በስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ስክሪን በሚባል ወንፊት መሰል ጨርቅ አሳልፎ በማተም፣ የሚታተመው ፕላስቲሶል የሚባለው ቀለም ግን በአየር አይደርቅም፤ እስከ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ካላገኘ ላዩ የጠና ቢመስልም በመጀመሪያው እጥበት ይነሣል። ለመጡት ሁሉ ገንዘባቸውን መለስን፤ የቀረልንም ትርፍ አልነበረም። ያን ጊዜ ማተሚያ ቤቱን የወቀሰ ሰው አልነበረም፤ የተወቀሰው ስሙ ደረት ላይ የተጻፈው ባንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ናሙና ሳናሳትምና ናሙናውን ሦስት ጊዜ ሳናጥብ ለማንም ሥራ አንጀምርም። ነጋዴው ቢያሳትምላችሁ ይህን የሚያጥብላችሁ ማን ነው?

የቀረበላችሁ የዐሥር በመቶ ውል በዓለም የታወቀ ምሳሌ አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 መጨረሻ ቢትልስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ብራያን ኤፕስታይን ጉዳዩን በጠበቃው በኩል አስጨርሶ፣ የባንዱን ስምና ምስል በዕቃ ላይ የማሳተም ፈቃድ የመስጠት መብትን ሴልታብ ለተባለ ኩባንያ ሰጠ፤ ስሙ ቢትልስ የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ወደ ኋላ ሲነበብ የሚገኝ ነው። ድርሻው ለኩባንያው 90፣ ለባንዱ ወገን 10 በመቶ ነበር። በተከታዩ ዓመት ቢትልስ አሜሪካ ሲገቡ የአሻንጉሊቱ፣ የዊጉና የደረት ባጁ ገበያ እንደ ጎርፍ መጣ፤ ስህተቱ የታወቀውም ያኔ ነው። ውሉ በኋላ ቢሻሻልም ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ግራ የገባቸው ትልልቅ መደብሮችም ትእዛዛቸውን ሰረዙ። ጉዳቱ የመጣው ባንዱ ገና ዋጋው ሳይታወቅ ስለተፈረመ ነው፤ እናንተም ዛሬ ያላችሁት በዚያው ደረጃ ላይ ነው።

ሙዚቀኛ ራሱ ይህን ሥራ ሊመራው አይችልም የሚሉ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። ግን አሜሪካ ፊኒክስ ከተማ የሚገኘውን ሄሎ መርች የተባለ ኩባንያ የመሠረተው ዘ ፎርማት የተባለው ባንድ አባል ሳም ሚንስ ነው፤ ኩባንያው ዛሬ ለሌሎች ባንዶች ዕቃ እያዘጋጀ ይሸጣል። እኛም በሁለተኛው ዓመት ሌሎች ባንዶች ሲመጡልን የያዝነው መንገድ ይኸው ነው፦ የሕትመቱን ወጪና አንድ የተቆረጠ የአገልግሎት ዋጋ እንወስዳለን፤ ስሙም፣ ሥዕሉም፣ ሳይሸጥ የቀረው ዕቃም የባንዱ ነው።

የቆጠራውን ሥርዓት የተማርነው ከአዝማሪ ቤት ነው። በሥርዓት በሚመራ ቤት ሌሊቱን ሙሉ በግንባር ላይ የተለጠፈው የሽልማት ብር አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ቤቱ ሲዘጋም ማሲንቆ መቺው፣ ዘፋኟና ከበሮ መቺው ባሉበት ይቆጠራል። እኛም ቲሸርቱን ሲወጣ በመጠን በመጠኑ፣ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ እያልን እንመዘግባለን፤ ማታ ሲመለስም አራታችን ባለንበት የቀረው ዕቃና የገባው ብር ይመሳከራል። ነጋዴው ዐሥር በመቶ ሲላችሁ የስንት ዐሥር በመቶ እንደሆነ የምታውቁት እርሱ በነገራችሁ ብቻ ነው። በውሉ ውስጥ መዝገቡን የማየት መብት ከሌላችሁ፣ ድርሻው ሠላሳ በመቶ ቢሆን እንኳ እኔ አልፈርምም።

ሕጉን በሚመለከት ሁለት ነገር ልጨምር። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ ምልክት ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም፤ ስለዚህ የባንዱን ስም ሌላ ሰው በራሱ ስም ሳያስመዘግበው እናንተ ቀድማችሁ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቡት። ሁለተኛው ፎቶ ነው። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በአንድ ወቅት የአንድን አረጋዊ አዝማሪ ፊት ልናሳትም አስበን ቤታቸው ድረስ ሄደን ጠየቅናቸው፤ «ልጆቼ፣ እኔ ስሞት የሚቀረው ይኼ ነውና አሳምራችሁ ሣሉት» ብለው በደስታ ፈቀዱ። ፈቃዳቸውን ግን በጽሑፍ ተቀብለናል፤ ከእያንዳንዱ ቲሸርት ድርሻቸውንም በየወሩ እንወስድላቸዋለን። ከእናንተ አንዱ ነገ ከባንዱ ቢወጣ ፎቶው ምን እንደሚሆንም ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ገንዘብ ከሌላችሁ ነጋዴውን አታባርሩት፤ ውሉን ግን ገልብጡት። ለዚህ ጥምቀት ብቻ፣ ለተወሰነ የቲሸርት ቁጥር፣ ወጪው ከተመለሰ በኋላ ትርፉ እኩል የሚካፈል፣ የስሙ ባለቤት ባንዱ መሆኑ በግልጽ የተጻፈበት ይሁን። እምቢ ካለ፣ በሠላሳ ቲሸርትና በአንድ ቀለም ጀምሩ፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀለም የራሱን ስክሪን ስለሚፈልግ ወጪውን ያንረዋል። ላርጅና ሚዲየም አብዙ፤ የእኛ ስሞል ሁልጊዜ ይተርፋል። ለከተራ እንዲደርስላችሁ ናሙናው በኅዳር ማለቅ አለበት።