“ጨው ገብቷል!”

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የሳቢያን ሰፈር ልጅ መንገድ ላይ አስቁማኝ በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። ለእህቶቿ የሠራችው ፋቲራ ነው፤ ሲያዩት ያስጎመጃል። “ጋሼ፣ ምግብ መሥራት ነፍሴ ነው፤ ሼፍ ልሁን ወይ?” አለችኝ። ባጃጅ እየጠበቁ የሚመልሱት ጥያቄ ስላልሆነ “አስቤበት” ብያት ሄድኩ። እንደ እሷ የሚጠይቁኝ ብዙ ናችሁና፣ ያሰብኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

እኔ እዚሁ ድሬዳዋ በሆቴል ማድቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። ቆሜያለሁ ስል የምሬን ነው፤ ጉልበቴን ጠይቁት።

ቤት ውስጥ አንድ ድስት፣ አንድ እጅ፣ አንድ ምላስ ነው። ዶሮ ወጥ ስትሠሩ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጥዳችሁ፣ ውሃውን እስኪጨርስ እያማሰላችሁ፣ ግማሽ ቀን ብትፈጁ የሚቆጣችሁ የለም። የበላው ሰው ወደደው አልወደደው ፊቱ ላይ ታነቡታላችሁ። ሆቴል ግን የሚበላውን ሰው አታዩትም፤ የምታዩት የትዕዛዙን ወረቀት ነው። ድስቱም የእናንተ ብቻ አይደለም።

ይህን የተማርኩት በአንድ የግንቦት ቅዳሜ ነው። የሠርግ ምሳ ነበር፣ ሁለት መቶ ሰው። ቀይ ወጡ ሕፃን በሚያሳጥብ ትልቅ ድስት ተጥዷል። ረዳቴ ጨው ጨምሮ ሥጋ ሊያወጣ ስቶር ገባ። እኔ ከወዲያ መጣሁና፣ በእጄ ተማምኜ፣ ሳልቀምስ፣ የራሴን ጨው ጨመርኩ። ቆይተን ስንቀምሰው ምላስ ያቃጥላል። ድንች ጨው ይመጥጣል ለምትሉ፣ ሞክረነዋል፤ ድንቹ ጨው ጨው አለ፣ ወጡ እንደነበረ ቀረ። ያዳነን ለማታ የተዘጋጀው ጨው ያልገባበት ቁሌት ነው። ወጡን ለሁለት ከፍለን፣ ቁሌቱን አክለን፣ ውሃ ጨምረን አወጣነው። ምሳው ሃምሳ ደቂቃ ዘገየ። የሁለታችንም ደመወዝ ተቆረጠ፤ የእኔስ ይገባኝ ነበር፣ የልጁ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ በኔ ማድቤት ጨው የጨመረ ሰው “ጨው ገብቷል!” ብሎ ይጮሃል፤ ሌላው “ሰማሁ” ካላለ ከድስቱ ንቅንቅ አይልም። እንግዲህ ሙያው ይሄ ነው። ጣት የሚያስቆረጥም ወጥ መሥራት ብቻ ሳይሆን፣ ሰባት ሰው በአንድ ድስት ላይ ሳይጋጭ መሥራቱ።

ስለዚህ ልጄ፣ “ምግብ መሥራት እወዳለሁ ወይ?” ብለሽ ራስሽን አትጠይቂ፤ እንደምትወጂማ ፎቶው ይናገራል። ሃምሳ ፋቲራ ጋግሪና ሃምሳኛው ላይ ስትደርሺ ራስሽን ታዘቢ። ጠርዙን እንደ መጀመሪያው አሳምረሽ ካጠፍሽው፣ ያውም ማንም ሳያይሽ፣ ነይና እንነጋገር። ከተሰላቸሽ ምንም አላጠፋሽም፤ ለእህቶችሽ መጋገሩ ይበልጥብሻል ማለት ነው።

ማድቤት ስትገቡ ሌላም ነገር ታያላችሁ። በትልልቆቹ ሆቴሎች የፈረንጅ ማድቤት አለ፣ የሐበሻ ማድቤት አለ። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች ስለሆነች የፈረንጅ ምግብ ለኛ ብርቅ አይደለም፤ ማካሮኒውንም ፓስታውንም ከቤታችን ምግብ ቆጥረነዋል። የማዕረጉ ነገር ግን አልጠፋም። ስቴክ የሚጠብሰው ወንድ “ሼፍ” ይባላል፤ ከንጋት ጀምሮ ጭስ ውስጥ ያለችው ሴት “ወጥ ሠሪ” ትባላለች፣ የምታገኘውም ያነሰ ነው። እኔ ከሼፎቹ ወገን ነበርኩ። የማውቀውን ግማሹን ያስተማሩኝ ግን ወጥ ሠሪዎቹ ናቸው። እናቴማ “ወንድ ልጅ ማድቤት ምን አለው!” ብላ በማማሰያ ስታባርረኝ ነው ያደግኩት።

ስለ ጩኸቱም ልንገራችሁ። አንዳንድ ሼፍ መሳደብን ከፈረንጅ የወረሰው ሙያ ያስመስለዋል። የሆቴል ማድቤትን በማዕረግና በሥራ ክፍል ያደራጀው ፈረንሳዊው ኦጉስት ኤስኮፊዬ ራሱ የጦር ሠራዊት ምግብ አብሳይ ነበር፤ ሆኖም ስድብ አይወድም ነበር ይባላል። ለአብሳዮቹም በሙቀቱ ቢራ እንዳይጠጡ የገብስ ውሃ ያስቀምጥላቸው ነበር። ገብስ እኛ አገር ሞልቷል። በድሬ የሰኔ ሙቀት፣ ስድስት ምድጃ በሚነድበት ክፍል፣ ለሠራተኛው ውሃ የማያስቀምጥ ሰው ሲሰድባችሁ ሙያ እየተማርኩ ነው ብላችሁ አትታገሡ። ሌላ ቤት ፈልጉ።

ቤታችሁ ማብሰሉን የመረጣችሁ ደግሞ ተሸነፍን እንዳትሉ። ሰዓት ቆጥሮ ከመሥራት ያረፋችሁ እናንተ ናችሁ። የማብሰያ ሰዓት እንደ አገሩ ይለያያልና። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ውሃ እዚህ ሲፈላ ከሐረሩ ይልቅ ይግላል፣ በሙቀቱም ቡኮ ቶሎ ይነሣል። ባቄላም እዚህ ቶሎ ይበስላል እንዳትሉ፣ ማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊት የሚያለብሰው ውሃችን ያከርረዋል። የምግብ አሠራር ቪዲዮው “አርባ ደቂቃ” ቢልም እናንተ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ እዩት። ሩዝ ግን በድስቱ እንዳለ አሳድራችሁ ጠዋት እንዳትበሉ። መፍላት የማይገድለው ተህዋስ አለበት፤ በኛ ሙቀት ሌሊቱን ይራባል፣ መርዙም ብታሞቁት አይጠፋም። ሰፋ ባለ ሳህን ዘርግታችሁ አብርዱና ማቀዝቀዣ አስገቡት።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገርና ላብቃ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቤቴ ድስት አልጣድኩም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እገባለሁ፣ ዳቦ በሻይ በልቼ እተኛለሁ። የቅቤ ሽታ ሥራ ሥራ ይለኝ ነበር። ጡረታ ስወጣም የማብሰል ፍቅሩ አልተመለሰልኝም። አንድ ቀን ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ የወዳጄ እናት ሁልበት መረቅ ለሚባለው የሐረሪ ምግብ የዘፈዘፉትን አብሽ በእጃቸው ሲመቱ አየሁ። መራራውን ውሃ ደፍተው፣ እየመቱ፣ ወሬ እያወሩ፣ እየሳቁ፣ ነጭ አረፋ እስኪሆን። አይቸኩሉም። “ልሞክረው” አልኳቸው። በሦስት ደቂቃ ክንዴ ዛለ፣ እሳቸውም “ሼፍ ነኝ አላልክም እንዴ?” ብለው ሳቁብኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ አብሽ ዘፈዘፍኩ።

ማድቤት ለመግባት የቆረጣችሁ ደግሞ፣ ቢላዋ ከመግዛታችሁ በፊት ጫማ ግዙ። ሙቀት ነው ብላችሁ በነጠላ ጫማ እንዳትገቡ። የሚሸፍን፣ የማያንሸራትት ይሁን። የግራ እግሬን ጠባሳ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ የፈላ ዘይት ነው።