የኩላንቱ ወይንና ደረሰኝ የሌለው ካርቶን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ አነስተኛ ግሮሰሪ አለኝ። ሰሞኑን አንድ ሰው የአገር ውስጥ ቀይ ወይን በካርቶን እያመጣ ከአከፋፋዩ ዋጋ ሲሶ ቀንሶ «ውሰጂ» ይለኛል። ደረሰኝ የለውም። አንድ ሹፌር ደንበኛዬ ይህን ሰምተው «የአውስትራሊያ ነጋዴዎች ወይን ውስጥ ኩላንት ጨምረው አገራቸውን አከሰሩ፣ ተጠንቀቂ» አሉኝ። እውነት ነው? ጥቂት ሰው ባጭበረበረ የአገር ገበያ ይወድቃል? ለእኔስ ምን ይመክሩኛል?
ባለ ግሮሰሪዋ፣ ከቸርችል ጎዳና

መልስ፦ እህቴ፣ ሹፌሩ ነገሩን ይዘውታል፤ አገሩን ነው የሳቱት። ኦስትሪያ ናት። በእሳቸው ግን አትፍረጂ፤ ያኔ ጃፓን ውስጥም ሁለቱ አገሮች ተምታተው፣ ምንም ያላጠፋው የአውስትራሊያ ወይን ከመደርደሪያ እስከ መውረድ ደርሷል።

ጊዜው ሐምሌ 1977 ነው፣ በፈረንጆቹ 1985። እኔ የአንድ ሆቴል የመጠጥ መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ወሬው ሲደርሰን ከውጭ የገባውን ጠርሙስ ሁሉ ሌብሉን እያነበብን እንድንለይ ታዘዝን። የኦስትሪያ አንድም አልነበረንም፤ ቢሆንም ለወራት የጀርመኑን ነጭ ወይን እንኳ የሚጠይቅ ጠፋ።

የኦስትሪያ ጣፋጭ ወይን ዋጋ የሚያወጣው ፍሬው ግንዱ ላይ እስኪጠወልግ ቆይቶ ስለሚለቀም ነው። ጀርመን ያሉት ገዢዎች ደግሞ ብዙ፣ ጣፋጭና ርካሽ ይፈልጉ ነበር። ፍሬው በደንብ ሳይበስል የቀረ ዓመት ወይኑ ቀጭንና ኮምጣጣ ይሆናል፤ ስኳር ቢጨመርበት በምርመራ ይያዛል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ዳይኢትሊን ግላይኮል ጨመሩበት። ቀለም የለውም፣ ወፈር ያለ ነው፣ ይጣፍጣል፤ ቀጭኑን ወይን አፍ ውስጥ ከባድ ያስመስለዋል። ላቦራቶሪውም «ይህ ይኖራል» ብሎ አይፈልገውም ነበር። የኩላንት ዘመድ ስለሆነ ነው ሹፌሩ እንደዚያ ያሉት። ኩላሊት ይጎዳል። አንድ ወይን ላይ በሊትር እስከ 48 ግራም ተገኝቷል!

በዚያ ወይን መሞቱ የተረጋገጠ ሰው የለም። ገበያው ግን ሞተ። የኦስትሪያ የወይን ኤክስፖርት ወደ አሥር እጅ አንዱ ወረደ፤ ወደ ቀድሞው መጠን ለመመለስ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ፈጀበት። ኬሚካሉን በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ገበሬ እንኳ ምርቱን የሚያነሳለት አጣ። መንግሥት በሳምንታት ውስጥ ጥብቅ ሕግ አወጣ፣ በሚሊዮን ሊትር የሚቆጠር ወይን ተወገደ፤ የጠርሙሱ ክዳን ላይ ቀይ ነጭ ቀይ ምልክት መለጠፍ ግዴታ ሆነ።

በዓመቱ፣ መጋቢት 1978 ላይ፣ ጣሊያን የባሰ መጣባት። ታክስ ተነስቶለት የረከሰ ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ወይን ውስጥ ጨምረው 23 ሰው ሞተ፤ ዓይናቸው የጠፋም አሉ። የእሷም ኤክስፖርት በአንድ ጊዜ ሲሶ ያህል ወረደ። ልብ በይ፤ ሰው የገደለችው ጣሊያን ናት፣ የባሰ የወደቀችው ግን ኦስትሪያ። እንደ እኔ ምክንያቱ ጣሊያን ዓይነቱ ብዙ፣ ገዢውም በየአገሩ የተበተነ መሆኑ ነው። ኦስትሪያ ግን ዋና ደንበኛዋ ጀርመን ነበር። አንቺም እንደዚያው ነሽ፤ አንድ መንገድ፣ በየማታው የሚመጡ እነዚያው ሰዎች። አንዱ ታሞ «እዚያች ግሮሰሪ ነው የጠጣሁት» ካለ ሌላ የምትሄጂበት ገበያ የለሽም።

ወደ ሰውየው እንምጣ። በሲሶ የረከሰ ወይን ወይ የተሰረቀ ነው፣ ወይ ግብር ያልተከፈለበት፣ ወይ ደግሞ ጠርሙሱ እንጂ ውስጡ የፋብሪካው አይደለም። እኔን የሚያስፈራኝ የመጨረሻው ነው። አንዱን ጠርሙስ ከአከፋፋይ ከገዛሽው ጎን ብርሃን ፊት አቁሚው። ፋብሪካ በማሽን ስለሚሞላ ከፍታው እኩል ነው፤ በእጅ የተሞላ አንዱ አንገቱ ላይ፣ ሌላው ትከሻው ላይ ይቆማል። ሌብሉን በጣትሽ ዳብሺው፤ ውሃ ነክቶት የደረቀ መጨማደድ ካለው ጠርሙሱ በቆራሌ እጅ አልፏል። አንድ ካርቶን ውስጥ ያሉት ጠርሙሶች የምርት ቁጥራቸው የተለያየ ከሆነ ደግሞ ከየግሮሰሪው የተለቀመ ባዶ ነው። አንቺም ባዶ ጠርሙስ ስትሸጪ ሌብሉን ላጪው፤ ይህን የሚያደርግ ባለ ግሮሰሪ ብዙ አላየሁም።

ሁሉም ደህና ቢመስል እንኳ ውስጡን አላወቅሽም። ሜታኖል በቀለምም በሽታም ከደህናው አልኮል አይለይም፤ «ቀምሼ አውቃለሁ» የሚልሽን አትመኚ። ደግሞስ ግማሹ ደንበኛሽ በኮካ በርዞ አይደል የሚጠጣው? ጣዕሙን ማን ሊለየው! ሰውየውን ደረሰኝ ጠይቂው። ካላመጣ አትውሰጂ፤ የወሰድሽው ካለ ለደንበኛ አትቅጂ።

ጥያቄ፦ የምናዘወትረው ጠጅ ቤት ማር ተወደደ ብሎ ስኳር መጨመር ጀምሯል። ይህም ማጭበርበር ነው?
አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ስኳር መርዝ አይደለም፤ በስኳር የተጣለ ጠጅም ያሰክራል፣ ጌሾውም ያው ጌሾ ነው። ማጭበርበር የሚሆነው የማር ነው ተብሎ በማር ዋጋ ሲሸጥ ነው። «ይህ የስኳር ነው» ብሎ ዋጋውን ቀንሶ በብርሌ የሚቀዳ ጠጅ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ እኔ እስካሁን አልገጠመኝም።