ግድግዳዬ በስኬል ሥዕል ተሞላ፣ ትዝታ ግን አልወጣልኝም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጊታር በራሴ መማር ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዶሪያን በለው፣ ፍሪጂያን በለው፣ ከኢንተርኔት ያላወረድኩት የስኬል (የኖታዎች ቅደም ተከተል) ሥዕል የለም፤ ግድግዳዬ ሞልቷል። ነጥቦቹን ተከትዬ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። የትዝታን ቅኝት ተጫወት ስባል ግን እጄ ይተሳሰራል። የጊታሩን አንገት የሚያሳይ አፕ ልግዛ ወይስ ፍሬቱ (አንገቱ ላይ በብረት የተከፈለው ቦታ) ላይ የሚለጠፈውን ስቲከር?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም ተዋቸው ወንድሜ። ስቲከሩ የኖታውን ስም ይነግርሃል፣ የት እንደምታርፍ ግን አይነግርህም። ያንተ ችግር እሱ ይመስለኛል። ግድግዳህ ላይ ያሉት ነጥቦች ሁሉም ጥቁር ናቸው አይደል?

ካሬ ካሬ ያለው የሒሳብ ደብተር አምጣ። ለስድስቱ ክሮች ስድስት መስመር፣ ሳይጫን ለሚመታው ክፍት ክር አንድ ዓምድ፣ ለፍሬቶቹ ደግሞ 15 ዓምድ አስምር፣ ወፍራሙን ክር ከታች አድርገው፣ ከዚያ በየካሬው የኖታውን ስም ጻፍ። አሰልቺ ነው፣ አንድ ማታ ይበላል። ግራኝ ከሆንክ ሥዕሉን ከቀኝ ወደ ግራ ገልብጠህ ሥራው።

አሁን ግልጽ ፕላስቲክ ከላዩ አድርግና ሲ (C)፣ ዲ (D)፣ ኢ (E)፣ ጂ (G)፣ ኤ (A) ያሉበት ላይ ሁሉ በማርከር ነጥብ አድርግ። ሲን ብቻ በቀይ፣ ማረፊያህ እሱ ነው። ይሄ ትዝታ ሜጀር ነው። ዘፋኙ ማረፊያውን ዲ አድርገው ካለህ ፕላስቲኩን ሁለት ፍሬት ወደ ትልልቆቹ የፍሬት ቁጥሮች ታንሸራትተዋለህ፣ አለቀ። ከመጀመሪያው ባዶ የቀረው ቦታ 12ኛውና 13ኛው ፍሬት ላይ የምታየው ራሱ ነው።

ዋናው ነገር ግን እዚህ ጋ ነው። ፕላስቲኩን ወደ ቦታው መልስና ጥቁሮቹን ሳትነካ ቀዩን ከሲ ወደ ኤ አዛውረው። ባቲ ማይነር ሆነልህ! ፈረንጆቹ ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት ማለት ነው። በሌላ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍን አስቀምጥ፤ ቀዩ ኤ ላይ ሲሆን ትዝታ ማይነር፣ ኢ ላይ ሲሆን አምባሰል። እኔ አራቱን እንደ አራት የተለያየ ነገር ነበር የሸመደድኳቸው፣ ስንት ወር እንዳቃጠልኩ ባልነግርህ ይሻላል።

ካላመንክ በጆሮህ ሞክረው። አምስተኛውን ክር ክፍቱን እየመታህ በሁለተኛው ፕላስቲክ ተጫወት፣ ከዚያ እነዚያኑ ኖታዎች ስድስተኛውን ወፍራም ክር እየመታህ ድገማቸው። ስሜቱ ወዲያው ይቀየራል።

እነዶሪያንን ሞድ የሚሏቸውም ከዚህ የተለየ ተአምር የለውም። ሲ አዮኒያንና ዲ ዶሪያን ኖታቸው አንድ ነው፣ ማረፊያቸው ይለያያል። እንዲያውም ከኢ ፍሪጂያን ጂንና ዲን ብታወጣ የሚቀርህ ያው አምባሰል ነው። ስለዚህ ያወረድካቸው ሥዕሎች ከንቱ አልቀሩም፤ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው የጎደላቸው።

አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ለመጨረሻ ተወው። ሲ፣ ዲ ፍላት (ከዲ አንድ ፍሬት ዝቅ ያለው)፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፣ ከሁለቱ ፕላስቲኮች አንዱም አይሆነውም፣ የራሱን ሥራለት። ደግሞ ክራርና ማሲንቆ ላይ የምትሰማው ድምፅ ሁልጊዜ ፍሬቱ ላይ ልክ አይቀመጥም። አንዳንዱን ክሩን በጣትህ ትንሽ ገፋ አድርገህ ነው የምታገኘው፣ እሱን ደግሞ ነጥብ አያሳይህም።

አፑን በተመለከተ፣ የነጥቦቹን ቀለም የሚያስለውጥና የፈለግከውን አምስት ኖታ ራስህ እንድታስገባ የሚፈቅድ ከሆነ ግዛው፣ «አምባሰል» የሚል ስም ባይኖረውም ግድ የለም። ቀለም የማያስለውጥ ከሆነ ግን ያው ግድግዳህ ነው፣ ስልክ ውስጥ የገባ።