ራጅ ለማንሣት ይህ ሁሉ ፊዚክስ ለምን?

ጥያቄ፦ በጎንደር የራዲዮግራፊ ተማሪ ነኝ። ፊዚክስና አናቶሚ (የሰውነት ክፍሎች ጥናት) ስለበዙብን ወደ ማሽኑ መቅረባችን ዘገየ፤ ጨረሩም ያሰጋኛል። ምን ይመክሩኛል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለስጋትዎ መልስ የሚሰጠው ራሱ ፊዚክሱ ነው። ከጨረሩ ምንጭ ያለዎትን ርቀት እጥፍ ሲያደርጉት የሚደርስብዎ ጨረር ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል፤ በተግባር ልምምድ ጊዜ ከመከላከያው ግድግዳ ጀርባ እንዲቆሙና የጨረር መለኪያ ባጅዎን እንዳይረሱ የሚነገርዎትም የሚደርስብዎ ጨረር እንዲቀንስና እንዲታወቅ ነው። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለባለሙያዎች ያስቀመጠው ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ ሲሰላ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው። ራጅ ሲነሣ ታካሚ ደግፎ መያዝን ግን የተማሪ ሥራ አድርገው አይቀበሉት።

አናቶሚውም ቢሆን ከሥራው አይለይም። ለደረት ራጅ ታካሚው ደረቱን ወደ ምስል መቀበያው አስጠግቶ የሚቆመው፣ ጨረሩም በ180 ሴንቲሜትር ገደማ ርቀት ከጀርባው በኩል የሚላከው፣ ወደ ደረት ፊት የቀረበው ልብ ከመጠኑ በላይ ጎልቶ እንዳይታይ ነው። ይህን ያልተረዳ ተማሪ የጤነኛ ሰው ልብ የሰፋ እንዲመስል ሊያደርግ ይችላል፤ ምስሉ ሲበላሽና ሲደገም ደግሞ ከደባርቅ ድረስ የመጣ ታካሚ ያለ ጥቅም ተጨማሪ ጨረር ይቀበላል፤ ይህ በእጅጉ ያሳዝነናል።

ወደ ማሽኑ እስክትቀርቡ ድረስ የታካሚ የአካል አቀማመጦችን ከጓደኞችዎ ጋር፣ ያለ ማሽን፣ ደጋግማችሁ ተለማመዱ። ሴት ታካሚዎችን ስለ እርግዝና በጨዋነት መጠየቅንም አብራችሁ አጥኑ።