የጾም ፒዛ ፒዛ አይደለምን?

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም ከቤተሰቤ ጋር የጾም ፒዛ ማዘዝ ለምደናል። ባለፈው ጊዜ አጎቴ አንዱን ቁራጭ አንሥተው ሥሩን ገልብጠው ካዩ በኋላ «ቺዝ የሌለው ፒዛ ቲማቲም የተቀባ ቂጣ ነው፤ የዛሬ ልጆች ፈጠራ ነው» አሉን። እውነት ነው? (ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አጎትዎ «ቂጣ» ማለታቸው ቅርጹን ካየን ትክክል ነው፤ የዛሬ ፈጠራ ማለታቸው ግን ስሕተት ነው። ፒዛ የሚለው ቃል ከተገኘባቸው ቀደምት ጽሑፎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ997 በደቡብ ጣሊያን በጋኤታ የተጻፈ የኪራይ ውል ሲሆን፣ ተከራዩ ለከተማዋ ጳጳስ በገና 12፣ በፋሲካም 12 ፒዛ እንዲያስረክብ ያዛል። በዚያ ፒዛ ላይ ቲማቲም ሊኖር አይችልም፤ ቲማቲም ከአሜሪካ ምድር ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከተሻገረም በኋላ መርዝ ነው ተብሎ ሲፈራ ቆይቷል።

አሁን የምናውቀው ፒዛ መልክ የያዘው በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያኗ ከተማ በናፖሊ ነው። የከተማዋ ድኾች በመንገድ ላይ ገዝተው በእጃቸው ይዘው የሚበሉት ምግብ ነበር፤ ተራው ዓይነት ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ኦሬጋኖ የሚባለው የቅመም ቅጠልና ጨው ብቻ ያለበት ሲሆን፣ ቺዝ ያለበትም ከጎኑ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ያለ ቺዝ የሚበላው ፒዛ ከሌላው ተቀንሶ የተሠራ ሳይሆን ራሱን የቻለ፣ የቆየ ዓይነት ነው። ዛሬ ማሪናራ የሚባለው ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ የያዘው ፒዛ የዚሁ ወገን ነው። ስሙ ከባሕር ጋር ስለሚያያዝ ዓሣ ያለበት የሚመስላቸው አሉ፤ የለበትም።

ቲማቲም፣ ሞዛሬላ የተባለውን ለስላሳ ቺዝና የበሶብላ ዘመድ የሆነውን ባዚልን የያዘው ማርጌሪታ የተባለው ፒዛ እ.ኤ.አ. በ1889 የናፖሊው ፒዛ ጋጋሪ ራፋኤሌ ኤስፖዚቶ ለጣሊያን ንግሥት ማርጌሪታ የሠራው ነው ተብሎ ይተረካል። ታሪኩ ቢጣፍጥም፣ ከቤተ መንግሥት ለኤስፖዚቶ ተጻፈ ተብሎ በማስረጃነት የሚቀርበውን ደብዳቤ የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ያደረገ ፒዛም ከዚያ አስቀድሞ በናፖሊ ይበላ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የናፖሊ ፒዛ ማኅበር ማሪናራን ከማርጌሪታ እኩል እውነተኛ ብሎ ይቀበላል። ማኅበሩ ይበልጥ የሚጠነቀቀው ለሊጡና ለእሳቱ ነው። ሊጡ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው፤ ለሰዓታት ከቦካ በኋላ በመዳመጫ ሳይሆን በእጅ ይዘረጋል፤ ሙቀቱ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ የእንጨት ምድጃ ውስጥም ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ብቻ ይቆያል። በዚህ ሙቀት በሊጡ ውስጥ ያለው ውኃ በቅጽበት ተንኖ ዳር ዳሩን ይነፋዋል፤ ሥሩም ምጣድ ላይ እንደ ቆየ ቂጣ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። አጎትዎ ቁራጩን ገልብጠው ሥሩን ማየታቸው እንግዲህ የባለሙያ ሥራ ነበር፤ የፒዛ ደግነት የሚታወቀው ከላይ በተደፋው ሳይሆን ከሥሩ ነውና። እኛም የስንዴ ዱቄታችንን «ፉርኖ» የምንለው ምድጃ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ወስደን ነው።

ለጾም ሲያዝዙ ግን ቺዙ መቅረቱን ብቻ አይመልከቱ። አንዳንድ ቤት ሊጡ እንዲለሰልስ ወተት ወይም ቅቤ ስለሚጨምር፣ አስቀድመው ሊጡ በምን እንደ ተቦካ ይጠይቁ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት በደንብ እንዲጨመርበትም ይንገሯቸው።