መልስ፦ የማሸጊያ ድርጅታችን ሰፈሩን እንዴት ይርዳ?

የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚያመርተው ድርጅታችሁ በበጎ ፈቃድ ሥራና በሪሳይክል ሰፈሩን እንዴት ይርዳ ብለሃል። ሀሳቡ ደስ ይላል። እኔ ብሆን ከጽዳት ዘመቻው በፊት ቆራሌዎቹንና ለቃሚዎቹን አነጋግር ነበር። ሃይላንድ የሚሸጠው በኪሎ ነው። አንዱ ባዶ ጠርሙስ 20 ግራም ቢመዝን፣ ለ1 ኪሎ 50 መልቀም ግድ ነው። ያውም ጎንበስ ቀና እያሉ፣ ያለ ጓንት። ስለዚህ ጓንት፣ ትክክለኛ ሚዛንና ዝናብ የማያስገባ መለያ ቦታ አዘጋጁላቸው። ሠራተኞቻችሁም ቅዳሜ ቅዳሜ አብረዋቸው ይለዩ። ክዳኑ ከጠርሙሱ የተለየ ፕላስቲክ ነው፤ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ጠርሙሱ ይሰምጣል። ባለቀለሙ ጠርሙስ ደግሞ ቀለም ከሌለው ያነሰ ዋጋ ነው የሚያወጣው። ይህን በዓይኑ ያየ ሠራተኛ ፋብሪካ ሲመለስ ስለ ቀለሙ ደጋግሞ ያስባል። ከሁሉ በላይ ግን የተለቀመውን በቋሚ ዋጋ የሚረከብ ገዢ አገናኟቸው።